ባል ጋላፊ፣ ሚስት ኮምቦልቻ፦ የአንድ ጥንዶች የአይቪኤፍ ጉዳይ

የጉዳዩ ባለቤቶች ኮምቦልቻ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። እሱ የ41 ዓመት ሰው ሲሆን ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሚሌና በጋላፊ ድንበር አድርጎ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የተሳቢ መኪና ሹፌር ነው። እሷ ገጠር ተወልዳ ከተማ ያደገች ልብስ ሰፊ ናት። እሱ ሙስሊም፣ እሷ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ይህ ወሎ ውስጥ ጎረቤት የሚያስገርም ነገር አይደለም። በሽማግሌ ከተጋቡ ሰባት ዓመት ሞልቷቸው ልጅ አልወለዱም ነበር። ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ዝርዝሮች እዚህ ቀርተዋል።

ስለ አይቪኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ተገናኝተው ጽንሱ ወደ ማህፀን ስለሚገባበት ሕክምና፣ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ ሥራው ቋሚ ሰዓት ያለው፣ ቤቱ ማቀዝቀዣ ያለው፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ሰው። እነዚህ ባልና ሚስት እንዲህ አልነበሩም። እርስ በርሳቸውም ቢሆን በአመጋገብ፣ በእንቅልፍ፣ በሃይማኖት፣ በገንዘብ አያያዝና ምስጢር በመጠበቅ ይለያያሉ። ከዚህ ሁሉ ልዩነት አብዛኛው ለሕክምናው ምንም አልነበረም። ዋጋ ያስከፈለው ልዩነቱ ሰዓት፣ ሙቀት ወይም ፊርማ የነካበት ቦታ ብቻ ነው።

ምርመራው በአንድ ወገን ሲሆን

የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት የተመላለሰችው እሷ ብቻ ነበረች። በየክሊኒኩ እንቁላል የሚያነሳሳ ኪኒን፣ ክሎሚፊን 50 ሚሊ ግራም፣ ከወር አበባ በኋላ ለአምስት ቀን ውሰጂ እየተባለች ደጋግማ ወስዳለች። የማህፀን ቱቦዎቿ ክፍት መሆን አለመሆናቸውን ያየ አልነበረም፤ ባሏንም እንዲመረመር የጠየቀው የለም። እሱም «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ እሷን እዩዋት» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ወላጆቹ ዘጠኝ ልጅ ወልደው ያሳደጉ በመሆናቸው ችግሩ ከእሱ ዘር ሊመጣ እንደማይችል እርግጠኛ ነበር።

ይህ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው፣ ውድም ነው። ክሎሚፊን የሚጠቅመው እንቁላል በጊዜው ለማይለቅላት ሴት ነው። የእሷ የወር አበባ በየ28 እና 29 ቀኑ የሚመጣ ስለነበረ እንቁላል የመልቀቅ ችግር የሚያሳይ ምልክት አልነበራትም። ቱቦ የተዘጋባት ሴት ደግሞ አሥር እንቁላል ብትለቅ መንገድ የላቸውም። በቅደም ተከተል ቢኬድ ኖሮ በመጀመሪያው ወር ሦስት ነገር ይሠራ ነበር፦ የባል የዘር ፈሳሽ ምርመራ፣ የሆርሞን ምርመራ፣ የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ተቆጥሮ በ7ኛውና በ10ኛው ቀን መካከል የሚነሳ የማህፀንና የቱቦ ራጅ።

ራጁ በአምስተኛው ዓመት ደሴ ላይ ሲነሳ ሁለቱም ቱቦዎች ተዘግተዋል። የቀኙ ጫፉ ላይ ታፍኖ ፈሳሽ ቋጥሯል፤ ሐኪሞች ሃይድሮሳልፒንክስ የሚሉት ነው። ምክንያቱ ቀደም ሲል ያለፈ፣ ምናልባትም ምልክት ያላሳየ የማህፀን አካባቢ ኢንፌክሽን መሆኑ ይገመታል። ቱቦ በዚህ መልክ ሲዘጋ ኪኒንም ሆነ ዘርን በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን ማስገባት አይረዳም፤ የቀራቸው አይቪኤፍ ነበር። ይህ ሕክምና ደሴም ኮምቦልቻም ስላልነበረ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነበር። በመንግሥት በኩል የመጀመሪያው ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2019 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል፤ የግል ማዕከላትም አሉ። እነሱ ወረፋውን ፈርተው ወደ ግል ሄዱ። ወጪው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ ከፊሉ ከእሱ ዕቁብ፣ ከፊሉ ከአሠሪው ብድር፣ ከፊሉ ከእሷ የአንገት ወርቅ ወጣ።

በሐረጎ ዳገት የወጣ ናሙና

ባልየው እሺ ሲል የመጀመሪያው የዘር ምርመራ ደሴ ተሠራ። ናሙናውን ግን ኮምቦልቻ ቤቱ ውስጥ ወስዶ፣ በፕላስቲክ ዕቃ ይዞ በሚኒባስ ወጣ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቆ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ላብራቶሪ ተሰልፎ ሲያስረክብ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሆኖታል። ደሴ ከኮምቦልቻ ይበልጥ ቀዝቃዛ መሆኗ ሳይረሳ። ውጤቱ በሚሊ ሊትር 9 ሚሊዮን ሲል፣ ወደፊት የሚንቀሳቀሰው 4 በመቶ ብቻ ነው አለ። «የሞተ ዘር» ብሎ የተረጎመለት ሰውም አልጠፋም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከላብራቶሪው አጠገብ ባለ ክፍል በተወሰደ ናሙና ብዛቱ 10 ሚሊዮን፣ እንቅስቃሴው 18 በመቶ ሆነ። ብዛቱ ብዙም እንዳልተለወጠ ልብ ይሏል፤ መዘግየትና ብርድ የሚገድለው እንቅስቃሴውን ነው። ናሙና ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ፣ ሰፊ አፍ ባለው ንጹሕ ዕቃ፣ ያለ ሳሙና፣ ያለ ቅባትና ያለ ምራቅ ይወሰዳል። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ፣ ቢቻል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማይክሮስኮፕ ሥር መግባት አለበት። መንገድ ላይ ከሆነ ዕቃው ልብስ ሥር፣ ገላ ላይ ተይዞ ይሄዳል። ተራ ኮንዶም አይሆንም፤ ዘሩን ይጎዳል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መርዝ የሌለው ኮንዶም አለ። ናሙና በእጅ መስጠት በሃይማኖቱ የከበደው ሰው ይህንን ወይም ሚስቱ አብራው እንድትገባ መጠየቅ ይችላል። ይህኛው ባል ሁለተኛውን መረጠ፤ ክሊኒኩም ፈቀደ። ሳይጠየቅ የሚያቀርብ ክሊኒክ ግን ጥቂት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የታችኛው ወሰን በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ ወደፊት የሚንቀሳቀስ 30 በመቶ፣ ቅርጹ የተስተካከለ 4 በመቶ ነው። እሱ ከዚያ በታች ነበር። ምክንያቱን ለመፈለግ አኗኗሩን መዘርዘር በቂ ሆነ። በአንድ ምልልስ ለቀናት በአፋር ቆላ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ሞተር አጠገብ ቁጭ ይላል። የወንድ ዘር የሚመረትበት ክፍል ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከሆድ ውጭ የተንጠለጠለውም ለዚሁ ነው። በዚህ ላይ በቀን አሥር ሲጋራ፣ እንቅልፍ ለማባረር ጫት፣ ሌሊት መንዳትና ቀን ካቢን ውስጥ መተኛት ነበሩ። ጫት በወንድ ዘር ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የተሠሩ ጥናቶች አንድ ቃል የላቸውም። ከእንቅልፍ ማጣትና ከሲጋራ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለብቻው ነጥሎ መመዘን ይከብዳል። ስለዚህ ምክሩ «ጫት መካን ያደርጋል» አልነበረም። እንዲያ ቢባል ጫት ቅሞ ስድስት ልጅ የወለደ ጓደኛውን ጠቅሶ ይዘጋው ነበር። የተባለው፦ ለሦስት ወር ሙቀቱን፣ ሲጋራውንና ሌሊቱን አውጣ።

ለምን ሦስት ወር? አንድ የወንድ ዘር ተመርቶ እስኪያልቅ ወደ 74 ቀን ይፈጃል፤ ከዚያ ወጥቶ እስኪበስል ጥቂት ሳምንት ይጨመርበታል። ዛሬ የቆመ ሲጋራ ውጤቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ሹፌሩ ከባለንብረቱ ጋር ተነጋግሮ ከታኅሣሥ ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ መስመር ዞረ። የጅቡቲ አበል ቀረበት፤ ለሕክምናው በተጠራቀመው ገንዘብ ላይ ቀዳዳ ተከፈተ፣ እሷም ለሠርግ ወቅት ተጨማሪ ሥራ ተቀበለች። እንዲህ ያለውን ኪሳራ አስቀድሞ በወጪው ስሌት ማስገባት ያስፈልጋል። ብዙዎች የመድኃኒቱንና የላብራቶሪውን ብቻ ይደምራሉ።

ሁለት ጾም በአንድ ወቅት

ሦስተኛው ምርመራ መጋቢት ላይ ተቀጠረ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት። አልመጣም። ካርዱ ላይ «ቀጠሮ ያቋረጠ» ተብሎ ተጻፈ፤ ስልክም ሲደወልለት ሥራ በዛብኝ አለ። እውነቱ ወሩ ረመዳን ነበር። በጾም ቀን ናሙና መስጠት ጾሙን ያበላሻል፣ እሱ ደግሞ ይህንን ለሴት ነርስ በስልክ አይናገርም። ከዒድ በኋላ ራሱ መጣ። ውጤቱ 17 ሚሊዮን፣ 29 በመቶ። ለሙስሊም ባል ከረመዳን ወር ውጭ መቅጠር የአንድ ቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው፤ ሳይታይ ሲቀር ግን «ግዴለሽ ባል» የሚል ስም ያሰጣል።

እሷ በዚያው ሰሞን ዓቢይ ጾም ላይ ነበረች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። ሄሞግሎቢኗ 10.9፣ ማለትም ደሟ ያነሰ ስለነበረ ብረት ታዘዘላት። ኪኒኑን ከቡና ጋር እንዳትወስድ ተነገራት። ቡናም ሻይም ብረት እንዳይመጠጥ ይከለክላሉ፤ ወሎ ደግሞ አቦል፣ ቶናና በረካ ሳይጠጣ ከቡና አይነሳም። መፍትሔው ቡና መከልከል አልነበረም። ብረቱን ማታ ከመተኛት በፊት፣ ከቡናው ርቆ፣ ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር እንድትወስድ ሆነ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑና ተልባው ደህና ምግብ ነው፤ ከጾም ገበታ የሚጎድለው ቢ12 ሲሆን እሱም በኪኒን ተሟላ። ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ከሦስት ወር በፊት ተጀመረ። የልጅ አከርካሪና ጭንቅላት ያለመዘጋት ችግር በአገራችን ከፍ ብሎ ስለሚታይ ይህ በምንም ምክንያት የሚዘለል አይደለም። የመርፌው ዙር ግንቦት ላይ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከፋሲካም ከዒድም በኋላ።

ስም፣ ዕድሜና የጋብቻ ወረቀት

ክሊኒኩ የጋብቻ ማስረጃ ጠየቀ። የቤተሰብ ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ ሁሉ ያውቃል፤ ባህላዊው ግን ወረቀት የለውም። ሽማግሌዎቹን ምስክር አድርገው ቀበሌ ወሳኝ ኩነት አስመዘገቡ። ጊዜ ስለሚወስድ ይህ መርፌው ከመጀመሩ ወራት ቀድሞ መሠራት አለበት።

ከወረቀቱ ይልቅ አደገኛ የነበረው የልደት ዘመኗ ነው። መታወቂያዋ 1982 ይላል። የክሊኒኩ ኮምፒውተር በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሠራ ተቀባዩ 1982 ብሎ አስገባ፤ የ34 ዓመቷ ሴት 42 ሆነች። ስምንት ዓመት በአይቪኤፍ ትልቅ ነገር ነው። በ42 ዓመት የሚነገረው ተስፋ፣ የሚታዘዘው የመድኃኒት መጠን፣ የእንቁላል ለጋሽ የሚለው ወሬ፣ ሁሉም ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሐኪም «ዕድሜሽ ሄዷል» ብሏት እያለቀሰች ወጥታለች። ሁለተኛው የእንቁላል ክምችቷን ሲያይ ነገሩ አልገጠመለትም። የእንቁላል ክምችትን የሚጠቁመው ሆርሞን ኤኤምኤች 1.6፣ በአልትራሳውንድ የተቆጠሩ ትናንሽ ከረጢቶች 11። ጠይቆ ደረሰበት። 1982 ራሱም መጀመሪያ መታወቂያ ስታወጣ በግምት የተጻፈ ነው። ገጠር የተወለደ ሰው ላይ የወረቀት ዕድሜ ብቻውን ከሚታመን እነዚህ ሁለት ቁጥሮችም አብረው ቢታዩ ይሻላል።

ባልየው በበኩሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ «የሌላ ሰው ዘር እንዳይቀላቀልብኝ ዋስትናው ምንድን ነው?» ጥያቄው ከሃይማኖቱም ነው። አል-አዝሃር በ1980 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፈትዋ ሕክምናው የሚፈቀደው በትዳር ውስጥ፣ በባልና በሚስት ዘር ብቻ ሲሆን ነው። መልሱ የላብራቶሪ አሠራር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ መለያ ይለጠፋል፤ ዘርና እንቁላል በሚነካካበት፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ በሚዛወርበት ጊዜ ሁሉ ሁለት ሰው አብሮ አይቶ ይፈርማል። ግን መለያው ምን ላይ ይቁም? እኛ አገር ባልና ሚስት የጋራ የቤተሰብ ስም የላቸውም። ይህች ክርስቲያን ሴት ደግሞ የአባቷ ስም የእስልምና ስም ነው፣ ስም አይቶ ማንን ከማን ማዛመድ ወሎ ላይ አይሠራም። በዚያው ሳምንት በክሊኒኩ ሌላ ሴት በስምና በአባት ስም ከእሷ ጋር አንድ ነበረች። የአያት ስም፣ የጥንዶቹ የጋራ ካርድ ቁጥርና ፎቶ መለያ እንዲሆኑ ተደረገ፤ ባልየውም ወረቀቱን አይቶ ረካ።

ፈቃድ መስጫ ቅጾቹን ለመፈረም አንድ ቀን ተያዘ። ስንት ጽንስ ማህፀን እንደሚገባ፣ የተረፈው ይቀዝቅዝ ወይስ አይቀዝቅዝ የሚለውን ፈረሙ። «ከባልና ሚስት አንዱ ቢሞት ወይም ቢፋቱ የቀዘቀዘው ጽንስ ምን ይሁን?» የሚለው ላይ ሲደርስ እሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ገና ሳይወለድ ምን ያሟርቱብናል!» ባዶ ተተወ። አማካሪዋም አልተጫነችም፤ ሕክምናውን ስለማያቆም በኋላ ይሞላል አለች። በተመሳሳይ ቀን ግን አንድ ነገር አጥብቃ አስደረገች፦ የዘሩ ናሙና በመጠባበቂያነት እንዲቀዘቅዝ። ሹፌር ነውና።

መርፌውና «አሥር ሰዓት»

ሚስትየው ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ክፍል ተከራየች። የባሏ ዘመዶች ቤት ማረፍ ትችል ነበር፤ እሱ ግን ማንም እንዳይሰማ ፈለገ። ለኮምቦልቻ ጎረቤት የስፌት ሥልጠና ሄደች ተባለ። እሷ ቢያንስ እናቷ እንድታውቅ ለምና አስፈቀደች፤ ትክክል ነበረች፣ ብቻዋን የሚገፋ ነገር አይደለም።

ኪራይ ቤቱ ማቀዝቀዣ የለውም። እንቁላል ከሚያሳድጉት መርፌዎች አንዳንዱ፣ በተለይ በእስክሪብቶ መልክ የሚመጣው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ከ25 ዲግሪ በታች የሚቆየው የዱቄት ዓይነት ታዘዘላት፦ 75 ዩኒት የሚይዙ ሦስት ብልቃጦች፣ በቀን 225። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ በወፍራሙ መርፌ ተስቦ የመጀመሪያው ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፤ ሳይንቀጠቀጥ ቀስ ብሎ ይሟሟል። ያንኑ ስቦ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው። በየብልቃጡ አዲስ ውሃ ከተጨመረ ሆድ ላይ የሚወጋው ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ያማል። ከዚያ መርፌው በቀጭኑ ተለውጦ፣ ከእምብርት ሁለት ጣት ራቅ ብሎ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ጨርቅ ስትሰፋ የኖረች እጅ ናትና እዚህ ላይ ከማንም የተሻለች ነበረች። ሁልጊዜ ማታ ሁለት ሰዓት። ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ እንቁላል ቀድሞ እንዳያመልጥ የሚያግደው ሁለተኛ መርፌ፣ ሴትሮሬሊክስ 0.25 ሚሊ ግራም፣ ተጨመረ። ይህኛውን ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ክሊኒኩ አስቀምጦ ጠዋት ጠዋት ወጋት። ፎሊክሎቹ፣ እንቁላል የሚያድግባቸው ከረጢቶች፣ በ6ኛው፣ በ8ኛውና በ10ኛው ቀን ተለኩ። በመጨረሻው ቀን ሦስቱ ከ17 ሚሊ ሜትር አለፉ።

ቀጥሎ የሚመጣው የማብሰያው መርፌ ነው፤ ኤችሲጂ 10,000 ዩኒት። የዚህ መርፌ ሰዓት ከሁሉም በላይ ጥብቅ ነው። እንቁላሉ የሚወጣው ከ36 ሰዓት በኋላ ነው። በጣም ከፈጠነ እንቁላሉ አይበስልም፣ ከግድግዳውም አይላቀቅም፤ ከዘገየ ራሱ ለቆ ይጠፋል። ካርዷ ላይ «10:00» ተብሎ ተጻፈ፤ እንቁላሉ የሚወጣው ደግሞ በማግሥቱ ማግሥት ጠዋት አራት ሰዓት። ጸሐፊው በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ አሥር፣ ማለትም በእኛ ማታ አራት ሰዓት ማለቱ ነው። እሷ ሌሊት አሥር ሰዓት ነው ብላ ስልኳን አስጮኸች፣ በደቂቃው ተነስታ ወጋች። ትጋት አልጎደላትም፤ ስድስት ሰዓት ግን ዘገየች።

ያዳናት በር ላይ ያለችው ነርስ ናት። «መርፌውን መቼ ወሰድሽ?» ብላ «ሌሊት አሥር ሰዓት» የሚል መልስ ስትሰማ «ዶሮ ሲጮህ ነው ወይስ ሰው ሳይተኛ?» ብላ ደግማ ጠየቀቻት። ዶሮ ሲጮህ ነበር። እንደተያዘው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቢወጣ ኖሮ 30 ሰዓት ብቻ ይሆን ነበር። ሐኪሙ ሥራውን ወደ ከሰዓት አሥር ሰዓት አዛወረው፤ እስከዚያ ምግብ ስላልበላች በደም ሥር ግሉኮስ ተሰጣት። 9 እንቁላል ወጣ፣ 7ቱ የበሰሉ። እንዲህ ያለ ካርድ ላይ «ማታ 4 ሰዓት፣ ከእራት በኋላ፣ ከመተኛትሽ በፊት» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያም ታካሚዋ በራሷ አፍ እንድትደግመው ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በዚያ ቀን ባልየው የት ነበር? ጋላፊ። የሌላ ሹፌር መኪና ስለተበላሸ ባለንብረቱ «አንድ ዙር ብቻ» ብሎ ልኮት፣ ጉምሩክ ላይ ተሰልፎ ቀረ። የቀዘቀዘው ናሙና ወጣ። ቀዝቅዞ የሚቀልጥ ዘር ከፊሉ እንቅስቃሴውን ስለሚያጣ፣ አንድ ዘር አንድ እንቁላል ውስጥ በቀጭን መርፌ የሚገባበት ኢክሲ ተሠራ። 5ቱ ጸነሱ፣ 3ቱ አምስተኛው ቀን ደረሱ።

እልልታው ቀድሞ ሲመጣ

ቤተሰቡ ስንት ይግባ በሚለው ተሟገተ። ምስጢሩ በዚህ ጊዜ እስከ አማቷ ደርሷል። እሳቸው «ሁለቱን አስገቧት፣ መንታ በረካ ነው» አሉ። መንታ ግን ያለጊዜው የመወለድ፣ የደም ግፊትና የደም መፍሰስ አደጋ ይዞ ይመጣል። ቀድመው የተወለዱ መንታዎችን የሚያቆይ ክፍል እንደልብ በሌለበት አካባቢ አንድ ማስገባት ይመረጣል። አንድ ገባ፣ ሁለት በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ናይትሮጅን ውስጥ ቀዘቀዙ።

በማግሥቱ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ገባች፤ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን በደብረ ሲናና በከሚሴ የሚመጣ መንገድ ስለፈራች እንጂ አውቶቡሱ ጽንሱን አይጥልም። ተኝቶ መቆየትም አይጠቅምም። ከዚያ በአራተኛው ቀን የባሏ እህት ከፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ ገዝታ መጣች። ሁለት መስመር፤ ሁለተኛው ደብዘዝ ያለ። እልል ተባለ፣ አማቷ ዱዓ አስደረጉ። «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ሰማን» አሏት። መስመሩ ግን እርግዝና አልነበረም። ኤችሲጂ የተባለው የማብሰያ መርፌ መመርመሪያው የሚፈልገው ሆርሞን ራሱ ነው፣ ከሰውነት ተጠርጎ እስኪወጣ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። በቀጠሮው ቀን የደም ምርመራው ባዶ ሆነ። ያች መመርመሪያ ባትገዛ ኖሮ ኀዘኑ የሁለት ሰው ብቻ ይሆን ነበር።

ለምን አልያዘም? አንድ ጽንስ ላይያዝ ይችላል፣ ምክንያቱን በእርግጠኝነት መናገር ብዙ ጊዜ አይቻልም። እዚህ ግን የታወቀ አንድ ነገር ተትቷል። ያ ፈሳሽ የቋጠረው የቀኝ ቱቦ። ፈሳሹ ወደ ማህፀን እየተመለሰ ጽንሱን ያጥበዋል፣ የግድግዳውንም መቀበል ያበላሻል፤ የአይቪኤፍን ውጤት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሐኪሙ ከመርፌው በፊት ይውጣ ብሎ ነበር። እሷ እንቢ አለች፤ ቱቦዋ ከወጣ በጸበል የመጽነስ ተስፋዋም አብሮ ይወጣል። ግሸን ማርያም ስለት አለባት። ባሏ ይውጣ ሲል እሷ ተቆጣች፤ ክሊኒኩም ውይይቱን በዚያው ዘጋ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእሷ እምነት አይደለም። ሁለቱም ቱቦዎች እንደተዘጉ፣ ግራው ቢተውም ቀኙ ጉዳት እንጂ ጥቅም እንደሌለው በራጁ ፊልም ላይ በጣት አሳይቶ ያስረዳት ሰው አልነበረም። ከሙከራው መክሸፍ በኋላ ሲያሳዩዋት እናቷን ይዛ መጣች፤ እናትየውም «ስለቱ ለልጁ ነው እንጂ ለቱቦው አይደለም» አሉ። ነሐሴ ላይ በትንሽ ቀዳዳ ቀዶ ሕክምና ወጣ።

ሁለተኛው ጽንስና ቀን አቆጣጠሩ

የቀዘቀዘው ጽንስ የገባው ኅዳር 10 ነው። ዝግጅቱ ከመጀመሪያው ይቀላል። ኢስትራዲዮል የተባለ ሆርሞን 2 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ የማህፀኑ ግድግዳ ከ7 ሚሊ ሜትር እስኪያልፍ፤ ከዚያ ፕሮጄስትሮን የተባለ ሌላ ሆርሞን 400 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ በስድስተኛው ቀን ጽንሱ ይገባል። ሰዓቶቹ በዚህ ጊዜ «ጠዋት 1፣ ቀን 7፣ ማታ 3» ተብለው በአማርኛ ተጻፉላት። ፕሮጄስትሮኑ እስከ 10ኛው ሳምንት የሚበቃው በአንድ ጊዜ አዲስ አበባ ተገዛ። ከእርግዝናው መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱ ቢያልቅና ኮምቦልቻም ደሴም ቢታጣ፣ የሰውነቷ የራሱ ሆርሞን በዚህ ዓይነት ዙር አይኖርም። ነጠብጣብ ደም ስታይም «መጥቷል» ብላ እንዳታቆም ተነገራት፤ ታየባትም፣ አላቆመችም። መመርመሪያ ማንም አልገዛም።

በአሥረኛው ቀን የደም ውጤቱ፣ የኤችሲጂ መጠን፣ 212፣ ከ48 ሰዓት በኋላ 470። በሰባተኛው ሳምንት በአልትራሳውንድ አንድ ከረጢት፣ የሚመታ ልብ።

የእርግዝና ክትትሉ ደሴ ሆነ። እዚያ የመውለጃ ቀኗን ከመጨረሻ የወር አበባዋ ቆጠሩ። በመድኃኒት በተዘጋጀ ዙር ግን የወር አበባ ቀን ከጽንሱ ዕድሜ ጋር ላይገጥም ይችላል። ለአምስት ቀን ጽንስ ከገባበት ቀን 261 ቀን መቁጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ይቀላል፤ ስምንት ወርና 21 ቀን፣ ጳጉሜን ከተሻገረ ብቻ አምስት ወይም ስድስት ይቀነሳል። ኅዳር 10 ስምንት ወር ሲጨመር ሐምሌ 10፣ 21 ቀን ሲጨመር ነሐሴ 1። ለአዋላጇ የአይቪኤፍ እርግዝና መሆኑን መናገር አለመናገር ባልና ሚስቱን አከራክሯል። ከካርዱ ላይ «አይቪኤፍ» የሚለው ቀርቶ የገባበት ቀንና «በአልትራሳውንድ የተረጋገጠ» ተብሎ ተጻፈ፤ ለሐኪሙ ግን በቃል ተነገረው። የእንግዴ ልጅ ቦታና የደም ግፊት በዚህ ዓይነት እርግዝና ላይ በቅርብ መታየት ስላለበት ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ሴት ልጅ ተወለደች፣ 2.9 ኪሎ። ክሊኒኩ የቀረውን አንድ ጽንስ ለማቆየት በየዓመቱ ያስከፍላል። የመጀመሪያው እድሳት ሲመጣ ሁለቱም አብረው ሄዱ። ባዶ የተተወው መስመር ላይ «አንዳችን ከሞትን ወይም ከተለያየን ይወገድ» ተብሎ ተጻፈ፤ እሱ ፈረመ፣ እሷም ከሥሩ።